ለሐምራ ሁለት ደረቅ ቀን ስለ መለመን

ለተከበሩ የባሕር ጠረፋችን የአጭር ጊዜ አየር ትንበያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ፣ በባልደረቦችዎና በመሣሪያዎችዎ ሁሉ ላይ ይሁን። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ይህ የባሕር ደመና ለመገጣጠሚያ አይበጅም ይባላልና ቢሮዎ ደረቅና ሞቃት፣ ሻይዎም አፍዎ ሳይደርስ የማይቀዘቅዝ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ እዚህ በዶፋር ተራራ፣ ባሕሩን በሚያየው ትከሻ ላይ፣ አላህ ይመስገን፣ እርጥብ ነን።

ስሜ ኑወይር ቢንት ባኺት ይባላል፤ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ከቀብሩ በኋላ፣ በራሴ፣ በመድኃኒት ካርቶኖችና በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ከቀብሩ በፊት ቢሆን ኖሮ የሚል ሐሳብ አንዳንድ ጊዜ ይመጣብኛል፣ ጽሕፈት ቤትዎን ግን በዚህ አላደክምም። ዛሬ በሰፈራችን የእርስዎን የሦስት ቀን ትንበያ ከስልክ ላይ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ያለ ሹመትና ያለ ማኅተም አፈ ቀላጤዎ ሆኜ ስላገለገልኩ፣ የማቀርባቸውን ጥቂት ነጥቦች ከባልደረባ እንደ መጡ ቆጥረው ይቀበሉልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። እርስዎ የሰማይ ሹም ስለሆኑ ሁለቱም ክልክል መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህ ክስ አይደለም፣ ልመና ነው።

አንደኛ። ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቅደም፤ ትንበያዎ ተሳስቶ አያውቅም። ኸሪፍ በምንለው በጉሙና በካፊያው ወራት፣ ባሕሩ ደመናውን እየገፋ ወደ እኛ ሲልክ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በየማለዳው «ጧት ዝቅተኛ የባሕር ደመና፣ ከቀትር በኋላ በከፊል ይገለጣል» ብሎ ያስታውቃል። በማግስቱም እንዲሁ ይላል። ደመና ሲኖር ደመናው ተነግሯል፤ ደመናው ሲሄድ መገለጡ ተነግሯል። እንዲህ ከሁሉም አቅጣጫ የታጠረ ዓረፍተ ነገር እኔ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ። እርስዎ ከተማ ያደጉ ከሆነ ምናልባት አላዩት ይሆናልና፣ ካፊያው ሳይጀምር ግመሎቻችንን ሁሉ ከተራራው ወደ ሜዳው እናወርዳለን። የግመል እግር ለአሸዋ የተሠራ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ሲያርፍ ሳሙና እንደ ረገጠ ሕፃን ይከፈታል። አንዴ የኋላ እግሮቿ ግራና ቀኝ ከሄዱ ያቺ ግመል አትነሣም። ደግሞም ግመል የምትወርደው ግመል ተከትላ ስለሆነ፣ የሸለቆው መንጋ በአንድ ረድፍ፣ በዘፈን ነው የሚወርደው።

ዘንድሮ የመውረጃው ቀን ሲደርስ ሐምራን እሾህ ወግቷት ነበር። ሐምራ የባሌ ታላቅ ወንድም የሙሐድ ግመል ናት፤ ሌላ የለውም። ሙሐድ እሾሁን አውጥቶ ቁራጭ ቆዳ ውስጥ እግሯ ላይ በመርፌ ሰፋላት፤ ቁስሉ እስኪጠግግ ሦስት ቀን ያስፈልጋታል አለ። ሰዉ ጭነቱን እያሰረ ሳለ ወደ እኔ መጣ።

«ኑወይር፣ ሰውዬሽ ምን ይላሉ?» ሰውዬሽ የሚለው እርስዎን ነው፤ ይቅርታ ያድርጉለት።

«ሦስት ቀን ካፊያ አይጠበቅም ይላሉ።»

«እርግጠኛ ናቸው?»

«ተጽፏል» አልኩት።

ጎረቤታችን ሰዒድ ገመዱን እየሳበ፣ «የተጻፈማ የኔም ጋብቻ ተጽፎ ነበር!» አለና ሰዉን ሁሉ አሳቀ። ሙሐድም ሳቀ። «በሉ እናንተ ቅደሙ፤ እኔና እሷ አሮጊትና ሽማግሌ ነን፣ ቀስ ብለን እንደርስባችኋለን» አለ። መንጋው እየተዘፈነለት ወረደ። በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ካፊያው መጣ።

ከዚያ ወዲህ አላቆመም። ሙሐድ ሐምራን ሊያወርድ ሞክሯል፤ ጥቂት እንደተራመደች የተሰፋላት ቆዳ ራሱ አንሸራተታት፣ በደረቷ ተቀምጣ ጮኸች፣ በስንት መከራ ወደ ተጠለለችበት ዋሻ አፍ ተመለሰች። አሁን ዋሻው ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ቁልቁለት፣ ከኋላዋ ድንጋይ ነው። ሙሐድም ከእሷ ጋር ነው።

ሦስተኛ። በጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ላይ ስላገኘሁት ወጣት አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ የታነጸ ልጅ ለወላጆቹ ይባረክላቸው። ካፊያ ላይ ነን ብዬ ስነግረው ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁት።

«እናቴ፣ በእኛ መለኪያ ዜሮ ነው።»

«መለኪያው የት ነው ያለው ልጄ?»

«አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ።»

«እኛ እኮ ተራራው ላይ ነን።»

«እሱማ የጠረፍ ትንበያ ነው እናቴ፤ ለጠረፍ ነው የሚሠራው። ተራራው ሌላ ክፍል ነው የሚመለከተው።»

«የዚያን ክፍል ስልክ ስጠኝ እንግዲህ።»

«ክፍሉ ገና አልተከፈተም።» ቀጥሎም፣ እንዳይከፋኝ ብሎ ይመስለኛል፣ «ግን ዘንድሮ ኸሪፉ ያምራል፣ አይደል እናቴ?» አለኝ።

ያምራል አልኩት። ምን ልበለው? ጥፋቱ የእኛ መሆኑ ገብቶኛል። እኛ ከደጃችን ባሕሩን ስለምናይ፣ ከባሕሩ የተነሣው ደመናም ከእናንተ ጣሪያ በላይ አልፎ ሆዱን እኛ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ደመናው አንድ ነው ብለን አስበን ነበር። እናንተ ዘንድ ደመና፣ እኛ ዘንድ ጉምና ጭቃ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ ክፍል ገና አለመከፈቱን አላሰብንም።

አራተኛ። ጽሕፈት ቤትዎ ባለፈው ሳምንት ከትንበያው ጋር ስላወጣው ፎቶግራፍ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጉም፣ አረንጓዴ ሣር፣ በዋሻ ደጅ የቆመች ቀይ ግመል፣ ከጎኗ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሽማግሌ። ከሥሩም «አስደሳች አየር ይቀጥላል፤ ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ» ይላል። ሽማግሌው ሙሐድ ነው። ሰውም ቤተሰቡን ይዞ መጣ። ከሙቀት አገር የመጡ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ጃንጥላ ይዘው ሆን ብለው ከጃንጥላው ሥር ይወጣሉ፣ ልጆቻቸው እየሳቁ ምላሳቸውን ለካፊያው ይዘረጋሉ። አንዱ ጎልማሳ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ሆኖ፣ «አባባ፣ ግመሏን ትንሽ ወደ ጫፉ ጠጋ ቢያደርጓት፣ ጉሙ ከኋላዋ እንዲገባልን!» ብሎ ጮኸ።

ሙሐድም፣ «ልጄ፣ ወደ ጫፉማ ከተጠጋች ሁለተኛ ፎቶ አይኖርህም» አለው።

በጣም ሳቁ። ሲሄዱ ካርቶን ሙሉ ብስኩት ተዉለት። ሐምራ በላችው። ሣሩ ጉልበቷ ድረስ ነውና ሲያዩዋት የታደለች ይመስላቸዋል፤ ከዋሻው ደጅ ራቅ ብላ ልትግጠው እንደማትችል ግን ፎቶ ላይ አይታይም።

አምስተኛ። ይህ ነጥብ ከአየር ጠባይ ጋር በቀጥታ ስለማይገናኝ ሊዘሉት ይችላሉ። ሙሐድ ያስለዋል። መጀመሪያ ጉሮሮው ነበር፤ አሁን ከታች፣ ከደረቱ ሥር ነው የሚመጣው። ልጁ ጡፉል በገመድ እየተንጠላጠለች ሩዝና የደረቀ ዓሣ፣ ሻይም በቴርሞስ ታደርስለታለች፤ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ትናንት አብሬያት ወጥቼ ነበር።

«አባዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ ውረድ» አለችው። «እሷ ግመል ናት።»

«እናትሽ በሞተችበት ዓመት በሐምራ እናት ወተት ነው ያደግሽው። በወተት እህትሽ ናት፣ እንዲህ አትበያት።»

«እህቴ ከሆነች እሷን ምከራት! አንተማ አልሰማ አልክ!»

«መከርኳት። ብቻዬን አልወርድም ትላለች።»

«አንተስ?»

«እኔም እንደሷ ነኝ» አለና ሳሉ ያዘው፤ ሳሉ እስኪለቀው ሁላችንም፣ ሐምራም ጭምር፣ መሬት መሬት አየን።

ጡፉል ስትወርድ አላለቀሰችም። እግሯን የምታሳርፍበትን እያየች ነበር፤ ለማልቀስ ደረቅ መሬት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፣ የመጨረሻውም። በኸሪፍ መካከል አንዳንዴ ከሰሜን፣ ከበረሃው በኩል ነፋስ መጥቶ ደመናውን ወደ ባሕር ይመልሰዋል፣ ሸክላውም ሁለት ቀን ያህል ይጠነክራል። ይህ በየዓመቱ አይሆንም። መቼ እንደሚሆን እኛ ዘንድ የሚያውቅ የለም፤ አውቃለሁ የሚሉ ነበሩ፣ የሙሐድን ጉልበት ሲያሳክከው ነፋሱ ይመጣል ይሉ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ኸሪፉ ከገባ ጀምሮ ያሳክከዋል። ነፋሱን ከመምጣቱ በፊት የሚያየው በዚህ አገር ላይ ከሰማይ ወደ ታች የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ነው። መንጋው ከታች አለ፤ ሁለት ቀን ቢደርቅ ሰዒድ ሁለት ግመል ይዞ ይወጣና ሐምራን በመካከል አድርጎ ያወርዳታል። አዘጋጅቷቸዋል። በየጧቱ ደጁ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያያል፣ ከጉሙ በቀር የሚያየው የለም።

ሙሐድ ትናንት እንዲህ ብሎናል። «እስከ ዓርብ እቆያለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዒድ ቢላ ይዞ ይምጣ። እኔ አልችልም። ከዚያ እወርዳለሁ።» ጡፉል እጁን ሳመችው። እኔ አልሳምኩትም፤ «ነፋሱ ቅዳሜ ቢመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱን ሰውዬሽን ጠይቂ» አለኝ።

ስለዚህ እነሆ እየጠየቅሁ ነው። ነፋሱ የሚመጣ ከሆነ ቢላውን እናቆያለን፣ ሽማግሌውንም በእሳትና በማር እንደምንም እናቆያለን። የማይመጣ ከሆነ፣ እንስሳዋን ስንጠብቅ ሰውዬውን እንዳናጣው ዓርብን አንድ ሰዓት እንኳ ማሳለፍ አንችልም። ቅዳሜ ነፋስ ሲነፍስ ደሟ ገና ያልደረቀባት ግመል አጠገብ መቆምን ያስቡት፤ ወይም ነፋስ ስንጠብቅ ከርመን ሙሐድን በቃሬዛ ማውረድን። ከሁለቱ አንዱን የምመርጠው እኔ እሆናለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሰፈር «ተጽፏል» ያለች እኔ ነኝ፤ ዓርብ ጠዋት ሙሐድ ዓይኑን አንሥቶ የሚያየው እርስዎን ሳይሆን እኔን ነው። አንድ መስመር ይበቃኛል። «ይመጣል» ወይም «አይመጣም»። «አናውቅም» ቢሆንም ጥሩ ነው፤ ከጽሕፈት ቤትዎ እስከ ዛሬ ያልወጣ ቃል ስለሆነ በክብር አነበዋለሁ። ስልክዎ ላይ ከጧት ጀምሮ ደጋግሜ ደውያለሁ፤ የሚያነሣው የለም፤ ወጣቱም ፈቃድ ወጥቶ ይሆናል። ተራራችንን ሊያይ የመጣ ከሆነ እንኳን ደህና መጣ።

ለሰጡን ደመና፣ ለሰጡን መገለጥ፣ በተለይም በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ላለው ያልረጠበ መለኪያ የማያልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዕድሜዎ እንደ ኸሪፉ እንዲረዝም፣ መንገድዎም የእግርዎን ልክ እንዲያውቅ እየለመንኩ፣ ከደመናው ሆድ ውስጥ ሆኜ በአክብሮት እጅ የምነሣ፣

ኑወይር ቢንት ባኺት
ያልተሾመች የትንበያዎ አንባቢ

ማስታወሻ፦ በእኛ ዘንድ ግመል ሲታረድ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፤ በእንስሳዋ ዕድሜ ላይ እጁ ያለበት ሰው ቢርቅም፣ ባይተዋወቅም፣ መደቡ አይቀርበትም። ስለዚህ ዓርብ የጽሕፈት ቤትዎ መደብ በትልቅ ድንጋይ ላይ ተለይቶ ይቀመጣል። የሚወስድ ሰው እንዲልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ እኛ እንዳናደርስልዎ መንገዱ ያዳልጣል፤ ከእርስዎ ወገን ለሚመጣው ግን፣ በመለኪያዎ፣ ደረቅ ነው።