ጠበቃው የተኮሰበት ገጽ

ይድረስ ለጋሽ መልከጼዴቅ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ተመስገን ነው። ወንድምዎ ወንድይራድ ከሺፍት ሲመለስ መጽሐፍ ያነብልኛል። ድሮ በፈረስ ዘመን ስለነበረ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው። የሰደበውን ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተኩሶ ገደለው፤ በነጻ ተለቀቀ፤ ሕዝቡም መርጦ ምክር ቤት አስገባው። ይህን ገጽ አራት ጊዜ አነበበልኝ፤ ምኑ እንደጣፈጠው እንጃ።

ጎረቤታችን ስምዖን ዛሬም ቦታችን ላይ ፓርክ አድርጓል። ባለፈው በዚሁ ተደባድበው የወንድይራድ ሁለት ጥርስ ረገፈ፤ ደሙ ደረጃው ላይ ደርቋል። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ቢመጡ ወንድይራድ በር ዘጋባቸው። ሰኞ ከመሣሪያ መሸጫ ከባድ የብረት ሳጥን ገዝቶ ገባ፤ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል።

ደብዳቤው እንደደረስዎ ይደውሉለት፤ የእርስዎን ድምፅ ይፈራል። ገጹን ቀድጄ ልኬልዎታለሁ። እሱ ግን ዛሬ ጠዋት ሲላጭ በቃሉ ሲለው ሰማሁት።

ጉልበትዎን ስሜያለሁ፤
የወንድምዎ ባለቤት አስካል