የአክስታችን የማክሻ ክኒን

ይድረስ በካርቱም ለምትኖሪው ለምወድሽ እህቴ ለስጦታ፤

እንደምን ከርመሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ ቸሩ አምላክ ይመስገንና ደኅና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ አምሮበታል።

አባዬ «ከአክስትሽ ከአበባየሁ ታረቂ» ብሎ ይዞኛል። አንቺም እንድትመክሪኝ ደውሎልሻል አሉ። ነገሩ በስልክ አያልቅምና መጀመሪያ ከእኔ ስሚው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በጣም ወፈርኩ። አክስታችን በሱቋ ደጅ፣ በገበያተኛው ፊት፣ «ይቺ ልጅ ባለችበት ቤት ጎተራ አይሞላም» እያለች ታስቅብኝ ነበር። ገና ዐሥራ ስድስት ሳይሞላኝ «እኔ አከሳታለሁ» ብላ እማዬን አሳምና ምግብ አስከለከለችኝ፤ ከምትሸጠው የማክሻ ክኒንም ታስውጠኝ ጀመር። ልቤ ይደልቃል፣ እንቅልፍ የለኝም። «ይቅርብኝ» ብላት «ለሆድሽ ስታዝኚ ባል ታጪያለሽ» አለችኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፌ ወደቅኩ፤ አባዬ ጎንደር ይዞኝ ወረደ።

ሐኪሟ ክኒኑን አይታ ደነገጠች። «ሆዳም አይደለሽም» አለችኝ። ደማችን ውስጥ ረሃብንና ጥጋብን የሚናገሩ ሆርሞኖች አሉ፤ የእኔ የጥጋቡ ሞልቶ ሳለ አእምሮዬ አልሰማው ብሏል። ሰው ሲራብ ደግሞ የረሃቡ ይብስበታል። ለካ ያ ሁሉ ክልከላ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነበር! እዚያው አልቅሼ፣ እንዳዋረደችኝ በገበያው ፊት ላዋርዳት እዚያው ማልኩ።

አሁን በሰዓቱ እበላለሁ፤ ምስርና ጎመን ይበዛልኛል፣ ለስላሳ ቀርቷል። አባዬም ዳገቱን አብሮኝ ይወጣል። ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው፤ ልቤም አረፈ።

መሐላዬን ግን አልረሳሁም። አንድ ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ ሱቋ ደጅ ሄጄ ቆምኩ። ላቀው የሚባል ገበሬ ለልጁ ያንኑ ክኒን ሊገዛ ሲል «አባባ፣ እኔን የጣለኝ ይኸ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። የደረሰብኝን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። «ዝም በይ፣ አታዋርጂኝ» ብላ አፌን ልትይዝ መጣች። «እኔን ስታዋርጂኝ ማን ዝም በይ አለሽ?» አልኳት። ሰውየው ክኒኑን ባንኮኒው ላይ ጥሎላት ሄደ። በሳምንቱ ከወረዳ መጥተው ሱቁን አሸጉት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጮቤ ረገጥኩ።

አሁን መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ሽማግሌ ልካለች። «እሺ፤ ግን ጓዳ ውስጥ አይሆንም። የሰደበችኝ ገበያ ላይ ነው፣ ይቅርታውንም እዚያው ትበለኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ልብሽ ደነደነ» አሉኝ። አዎ፣ ደንድኗል። እስካሁን አልመጣችም፤ እኔም አልቸኩልም። ስለዚህ እህቴ፣ አትምከሪኝ።

አባዬና እማዬ በናፍቆት ሰላም ይሉሻል። እማማ የዓለምወርቅ ምርቃታቸውን ልከዋል። ትንሹ ወንድማችን ደምለው የላክሽለት ጫማ ልኩ ሆኖለት ሲፎክርበት ይውላል። አክስታችንም በመምሬ በኩል «ሰላም በይልኝ» ብላለች። እኔ አላልኩም።

እህትሽ ኮከብ ስማቸው
ዳባት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.