በታሸገው መጋዘን የተገላበጠ ቡና

ውድ ጋሽ አብዱልፈታሕ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሰርቦ ቡና መጋዘን ላይ የሆነውን ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ማዕቀቡ ተነሣ። ቡናውን የገዛው አገር ከዓለም ጋር ታረቀ፤ የእኛም መሥሪያ ቤት መመሪያውን ለወጠ። መመሪያ የጅማ ሰማይ ነው፣ ጠዋት የዘጋውን ከሰዓት ይከፍታል። ስድስት ዓመት ሙሉ "ወደዚያ አገር የሚሄድ ቡና ታሽጎ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው" ሲል የኖረው ወረቀት፣ አሁን "ሰው ያልነካው ከሆነ ይጫን፤ የነካው ከሆነ ይቃጠል" ይላል። አይታ የምትፈርመው ደግሞ ያኔ ያሸገችው እኔው ቆንጂት ነኝ። የሰርቦ ገበሬዎች በር ላይ ቆመው እጅ እጄን ያዩ ነበር።

እሽጉ አልተነካም። ሽቦውም የእርሳስ ማኅተሙም እኔ እንደተውኩት ነበር። የበሰበሰ ቡና ጠብቄ አፍንጫዬን በነጠላ ይዤ ከፈትኩ፤ የዘንድሮ ቡና ሸተተኝ። ወለሉ ተጠርጓል። ያሸግኩ ዕለት የጆንያዎቹ ጽሑፍ ወደ በሩ ነበር፤ አሁን ሁሉም ተገላብጠው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። የሥራ ባልደረባዬ ዳግማዊ "ቆንጂትዬ፣ ያኔ ተሳስተሽ ይሆናል" አለኝ። የዚያን ዕለቱን ፎቶ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ አልገባም።

ጋሽ አብዱልፈታሕ፣ የመጋዘኑ ዘበኛ ሳሉ በየክረምቱ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ ቀን ብቻ ክፈቺልኝ፤ ቡና ካልተገላበጠ ይታፈናል" ይሉኝ ነበር። እኔም "መመሪያው አይፈቅድም" እልዎ ነበር። መጨረሻ የጠየቁኝ ጊዜ ከወረቀቴ ላይ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁዎትም። ያን ክረምት ሞቱ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ቀብርዎ ላይ ምን ያህል እንዳፈርኩ ለማንም አልተናገርኩም።

ቅጹ "ወደ መጋዘኑ የገባ ሰው አለ?" ይላል። "አለ" ብል የገበሬዎቹ ቡና ይቃጠላል፤ "የለም" ብል የገዛ ዓይኔን መካድ ነው። ብዕሬን ይዤ ስቆም አንድ ሽማግሌ "ምነው ልጄ፣ እኛን ፈራሽ እንዴ?" አሉኝ። የፈራሁት እርስዎን ነበር። "በሕይወት ያለ ሰው አልገባም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዳግማዊ አነበበው፤ እሱም ፈረመበት። ቡናው ሐሙስ ተጫነ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልጻፍኩልዎ ነበር። ትናንት አዲሱ ዘበኛ ኡመይር ከሰርቦ ድረስ መጥቶ ጅማ መርካቶ ውስጥ ፈልጎ አገኘኝ። "ወላሂ እህቴ፣ መጋዘኑ ባዶ ነው አይደል? በጠራራ ፀሐይ ጆንያ ሲነሣ፣ ጆንያ ሲቀመጥ እሰማለሁ። ከፍቼ ሳይ ማንም የለም" አለኝ። ሰውዬው ቀልደኛ ነው፤ ትናንት ግን አልሳቀም።

ይረፉ፣ ጋሽ አብዱልፈታሕ። ቡናው ሄዷል፣ የሚገላበጥ የቀረ የለም። የቀረው የእኔ ጥፋት ነው። ከመመሪያ ጀርባ ተደብቄ ፊት ነሳሁዎ፤ መክፈት እችል ነበር፣ ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰርቦ እመጣለሁ። ኡመይር "አብሬሽ ልግባ" ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ወደ መጋዘኑ ብቻዬን እገባለሁ።

ቆንጂት