እግር የታተመበት ገል

ውድ ወንድሜ ኃይለ ገብርኤል፣

ከሐረር የላክኸው ሰላምታ ደርሶኛል። ባለቤትህ ወይዘሮ አልታየች በሕይወት አለች፤ ቀጥሎ የምጽፈው ከባድ ነውና ይህን አስቀደምሁልህ። ስትዘምት በሆዷ የተውኸው ልጅ ወንድ ሆኖ ተወልዶ ነበር። አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ሳይጠመቅ ሞተ። ሥርዓቱን ታውቃለህ፤ ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አይቀበርም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከወይራው ሥር አስቀበርሁት። እናቱ አላለቀሰችም። «ማን ብዬ ልጥራው?» ብቻ አለችኝ።

ክረምቱ የአንኮበርን ቁልቁለት ሲሸረሽረው ከወይራው በታች ቀይ ገል መውጣት ጀመረ። ጠመንጃ የሚጠግነው ፈረንጅ አንዱን አይቶ «እንዲህ ያለ ያገኘ ያምጣልኝ» ብሎ አስነገረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ አገሩ ሁሉ ስባሪ ተሸካሚ ሆነ። ሚስቱ የወረወረችበትን ድስት ለቅሞ የመጣም አለ! ፈረንጁ ግን ይለያል። የእኛ ሸክላ ሲሰበር ሆዱ ጥቁር ነው፤ ያኛው እስከ ውስጡ ቀይ፣ ፊቱም የተወለወለ ነው። «የሮም ሸክላ ነው፤ በባሕር የመጣ። እዚህ ማን እንዳደረሰው አላውቅም» አለን።

ባለቤትህም አንድ ገል አገኘች። በመካከሉ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የእግር ቅርጽ ታትማበታለች። «ልጄ ረግጦት ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ትንሽ እግር ሲሄድ ይሰማኛል ትላለች። ልቆጣት አልቻልሁም፤ ለኪዳን ስወርድ እኔም ሰምቻለሁ።

እውነቱ ያሳርፋታል ብዬ ወደ ፈረንጁ ይዣት ሄድሁ። «ይህ የሸክላ ሠሪው ማኅተም ነው» አላት በአስተርጓሚው። «በእግሩ ውስጥ ያለው ጽሕፈት ስሙ ነው።»

እሷ የሰማችው «ስሙ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። «ስሙ ማነው?»

«ፊልክስ።»

ደነገጥሁ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ቅዱስ ጳውሎስን አስሮ የተወው ገዥ ስም ነው። ለክርስቲያን ልጅ አይሆንም» አልኋት።

«ያኛው ካሰረ ይኸኛው ይፈታላ፣ አባ! እርስዎም ልጄን ይፍቱልኝ።»

አልፈታሁላትም። ሥርዓቱን እፈራለሁ፣ እግዚአብሔርንም እፈራለሁ፤ አሁን ደግሞ እሷን መፍራት ጀምሬአለሁ። በቅዳሴ ሰዓት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስሙን ትጠራለች፤ ከዚያ ጆሮዋን ሰጥታ ትጠብቃለች። እኔ ከውስጥ ሆኜ አብሬ እጠብቃለሁ። ትናንት ንባቡ ጠፋብኝ፤ የሚመልስላት ያለ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ ከደጀ ሰላሙ አገኘችኝና «የፊልክስ አባት መቼ ይመጣል?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ስትመጣ «የፊልክስ አባት» ብላ ትጠራሃለች። ሰው ሁሉ አብዳለች ይልሃል፤ እኔም ቄሱ ዝም በል እልህ ይሆናል። እንዳትሰማኝ። አንተ አቤት በላት።

አንኮበር፣ መስከረም ፲፰፻፹ ዓ.ም.
ስለ ልጅህ የሚፈራው ወንድምህ፣
ቄስ ዘርአ ዳዊት