መይሙና የመረጠችው ቢላዋ

ይድረስ በአሰብ ወደብ በሙቀትና በጨው ነፋስ መሀል ለሚደክመው ለታላቅ ወንድሜ ለዘይኑዲን።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያምህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ዓይንህንስ ፀሐዩ አልጎዳውም? የቀን ጉልበት፣ የሌሊት እንቅልፍ አላህ አልነሳህም? የክፉ ቀን ወሬ ከደብዳቤ ቀድሞ እንደሚደርስህና ልብህ ተንጠልጥሎ እንደሚቆይ ስለማውቅ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እናታችን አለች፣ ባለቤትህ መይሙና አለች፣ ልጅህ ኡሙልኸይር አለች፣ እኔና ሚስቴ አሚናም አልሐምዱሊላህ ነፍሳችን አለች። አሁን ተረጋግተህ አንብብ።

ያለፈው በልግ ጭራሽ ቀረ። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ አረረ፣ በሬዎቹም ተራ በተራ ወደቁ። መጥረቢያውንና ማጭዱን ሳይቀር ለእህል ሸጥናቸው። ግንቦት ሲገባ ገበሬው ቤቱን እየዘጋ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ፤ አጎታችን አህመድም ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቆቦ ወረደ። እኔም እንከተለው አልኩ። መይሙና ግን፣ "መንገድ ዳር ሰው ተደራርቦ ተኝቷል፣ በሽታ ገብቷል ይላሉ። አሚና ነፍሰ ጡር ናት፣ እዚያ አትወልድም። ከዞብል ተራራ ግርጌ አባቴ ከብት ያወርድበት የነበረ ምንጭ አውቃለሁ። ሾላም በለስም አለ። ዱር እንግባ" አለች። እናታችንም "እኔ ከመይሙና ጋር ነኝ" ስትል ነገሩ አለቀ።

ዱር የሚገባ ሰው ስለት ያስፈልገዋል። መይሙና የብር አልቦዋን ከእግሯ አወለቀች፤ ልንሸጠው ይዘን ቆቦ ገበያ ወጣን። በዚያ ሰሞን ብር እንደ ቆርቆሮ ነበር የሚታየው። እኔ እባክሽ በቆሎ እንግዛበት ብዬ ለመንኳት። "በቆሎው በልተነው ያልቃል። ቢላዋ ካለን ግን የምንበላውን እየፈለግን እናድራለን" አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ሚስትህ ቢላዋ ስትመርጥ ብታያት! ቀጥቃጩ መጀመሪያ ያወጣላት እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ የቀንድ እጀታ ያለው ነበር። እኔ ወደድኩት። እሷ ጫፉን ድንጋይ ላይ ተጫነችውና ጎበጥ ሲል አይታ መለሰችለት። ቀጥሎ የአፋሮቹን ጎባጣ ጊሌ ቢያሳያት፣ "ይሄ ለጠብ ነው፤ እኔ የምጣላው ሰው የለኝም" አለችው። በመጨረሻ ከጥግ አንድ ጥቁር፣ መልክ የሌለው፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቢላዋ አነሳች። ስለቱ ከመዳፏ እምብዛም አይረዝምም፣ ጀርባው ግን ወፍራም ነው። ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ መድረሱን አገላብጣ አየች። በጥፍሯ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ውሃ ለምና እጇን አራሰችና ይሟልጭ እንደሆነ ጨብጣ ሞከረችው። ከዚያ ጀርባውን በባልጩት ብትመታው የእሳት ፍንጣሪ ዘለለ።

ቀጥቃጩ ሰልችቶት፣ "እኅቴ፣ ቢላዋ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው?" አላት። "ባልማ ቢከፋ ይፈታል፤ ይሄ ዱር መሀል ቢሰበርብኝ ማን ይተካልኛል?" ስትለው በዙሪያው የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አትቀየማት፣ ቀልዷን ነው። በዚያ ወር የሰማሁት ሳቅ ያ ብቻ ነበር።

የተረፉንን ጥቂት ፍየሎች ነድተን ዱር ገባን። መይሙና የቢላዋውን ጀርባ በዱላ እየመታች የግራር ቅርንጫፍ ቆረጠች፤ ጅብ የማይደፍረው አጥር አጠርን፣ ጎጆ ቀለስን። በስለቱ መሬት መውጋት ግን በፍጹም አይቻልም! አንድ ቀን ሥር ልቆፍርበት ስል ከእጄ ነጠቀችኝና እንጨት አሹላ ሰጠችኝ። ማታ ማታ በወንዝ ድንጋይ ትስለዋለች፣ በፍየል ሞራም ታብሰዋለች። ሾላው ሲያልቅ በለሱ ደረሰልን። እሾሁን እየገፈፈች ስትልጥ እጇ ደም በደም ይሆናል፤ እሷ ግን እኛ ሳንጠግብ አትቀምስም።

ሐምሌ ላይ ወባ ጣለኝ። አሚናም በዚያው ሰሞን ምጥ ያዛት። እኔ ከግራሩ ሥር ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ፣ መይሙናና እናታችን ጎጆ ውስጥ አዋለዷት። መይሙና ቢላዋውን በእሳት አግላ፣ አቀዝቅዛ፣ የልጄን እትብት በእሱ ቆረጠች። ወንድ ነው፤ ታሂር አልነው። አሚና ግን ደሟ ብዙ ፈስሶ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። የቀረችን ፍየል አንዲት ነበረች፣ አንተ ለጥሎሽ ከሰጠሃት ዘር የተረፈችው። መይሙና ያቺን ፍየል እየጎተተች መጣች። እኔ ለማረድ ብነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። "ተኛ፣ አላህ ያየናል" አለችና ራሷ ወደ ቂብላ አዞረቻት፤ "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ብላ ቢላዋውን አንዴ ስባ፣ ሳታንገላታት አረደቻት። አሚና መረቁን ጠጥታ በማግስቱ ልጇን አቀፈች። እኔ ወንዱ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲመለስ የበለስ ፍሬ ሮቢት አውርደን ለአውቶቡስ ተሳፋሪ እየሸጥን የጤፍ ዘር ገዛን፤ ወደ ቤታችን ተመልሰንም ማሳውን በሹል እንጨት ቆፍረን ዘራን። አጎታችን አህመድ ግን ከቆቦ አልተመለሰም። አላህ ይዘንለት፤ ዱዓ አድርግለት።

እናታችን ጉልበትህን እየሳመች... ተው እኔ ተሳሳትኩ፣ አንተ ነህ የእሷን ጉልበት የምትስመው፤ እሷ ግንባርህን ትስምሃለች፣ ትመርቅሃለች። አሚና ሰላም ትልሃለች። ኡሙልኸይር አባቴ ቶሎ ይምጣ በልልኝ ብላለች፣ ጥርሷም ተነቅሏል። መይሙናን ምን ልጻፍልሽ ብላት፣ "ደህና ነን በለው፤ ሌላ አትጨምር፣ በሰው አገር ሆዱ እንዳይባባ" አለችኝ። ትእዛዟን ጥሼ ሁሉን የጻፍኩልህ፣ ሚስትህ ማን እንደሆነች ሳታውቅ እንዳትቀር ብዬ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ከማሳው ላይ ትታየኛለች፤ ታሂርን አዝላ፣ እያዜመችለት በዚያው ቢላዋ ጤፍ ታጭዳለች።

ወንድምህ እንድሪስ
ሮቢት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.