ለምዕራፍ ሦስት የተገዛ ቀለም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፤ ማታ

ምዕራፍ ሦስት ዛሬም ተመለሰ። አማካሪዬ ዶ/ሩ በቀይ ያሰመረው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፦ «እኔ» ያልኩበትን ሁሉ «አጥኚው» በል። ሁለተኛ፦ የተሳታፊዎች የስምምነት ቅጽ አልተያያዘም።

አጥኚው እሺ ብሏል።

ላንቺ ግን እኔ ነኝ፣ ማስታወሻዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ «ዘጋቢያችን» ስባል ኖሬ፣ በስተርጅና «አጥኚው» ሆንኩ። ስም የሚባል ነገር አልተፈቀደልኝም።

የፕሮግራሙን መመሪያ እንደገና አነበብኩ። የትምህርት ጥናትና ምርምር፣ 2ኛ ዲግሪ፣ በርቀት። የመጀመሪያው ዓመት ሞጁል ነው፦ የምርምር ፍልስፍና፣ መጠናዊ ዘዴ፣ ዓይነታዊ ዘዴ፣ ስታትስቲክስ። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት ክፍል እንገባለን። ግማሹ ተማሪ ካሜራውን ዘግቶ ይተኛል። መምህሩም ሳይተኛ አይቀርም። ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፤ አምስት ምዕራፍ። አንዱም ውስጥ ሰው የለም። «ናሙና» አለ። መጨረሻ ላይ አገር ቤት ሄዶ ኮሚቴ ፊት መቆም።

ለምን እንደምማር ራሴን አላታልልም። የማስተምርበት ት/ቤት 2ኛ ዲግሪ የሌለውን መምህር ከዚህ ዓመት በኋላ አላስቀጥልም ብሏል። ሥራ ከሌለ ኢቃማ የለም። ኢቃማ ከሌለ እዚህ አገር መኖር የለም።

ርዕሴ፦ በሪያድ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች መሠረተ ትምህርት የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች። ናሙናዎቼ የዓርብ ተማሪዎቼ ናቸው። ሙረባዕ ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፤ በነፃ፣ ዲግሪው ሳይታሰብ በፊት ጀምሮ። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች። ማዳሞቻቸው ዓርብ ከሰዓት ይለቋቸዋል።

የቅጹ ግርጌ፦ መፈረም የማይችል ተሳታፊ የአውራ ጣት አሻራውን ያኑር። ነገ ቀለም መግዛት አለብኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ቀለሙን ገዛሁ። ሰማያዊ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አኖርኩት፤ ቅጾቹን እንደ ምርጫ አስፈጻሚ ደረደርኩ። መመሪያው እንደሚለው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ተሳትፎው በፈቃዳችሁ ነው። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ትችላላችሁ። ምንም ጉዳት አያስከትልም።

ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ሸሸት አደረጉ። ባለፈው ዓርብ የ«ጨ»ን ቅርጽ ቁምጣ የታጠቀ ሰው ይመስላል ብለው ክፍሉን በሳቅ ያፈረሱት እነዚሁ ናቸው።

አንዷ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ቦርሳዋን ይዛ። ሌላዋ ማዳም ደወለችልኝ አለች፤ ስልኳ ሲጮኽ ግን አልሰማሁም። ዘምዘም በዕድሜ ትልቋ ናት፤ የክፍሉ አለቃም ቀልደኛም እሷ ነች። እሷ እንኳ ምድጃ ጣቴን አቃጥሎኛል አለች። የቀኙን ነው? አልኳት። ሁለቱንም አለች። ሁለቱንም እጆቿን አባያዋ ውስጥ ደብቃ ነው የምታወራኝ።

አንድም አሻራ አላገኘሁም። ዓይን አፋርነት ይመስለኛል። ወይ ስንፍና። በሚቀጥለው ሳምንት በደንብ ማብራራት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ማንም አልመጣም።

ሰሌዳውን ጠርጌ ተቀመጥኩ። እስከ መግሪብ አዛን ጠበቅሁ። ባለሱቁ የመናዊ በሩን ገፋ አድርጎ አየኝ። ወንበሮቹን አየ። ኸላስ፣ አበቃ? አለ። ጠመኔዬን ኪሴ ከተትኩ።

በሐሩር፣ በአሸዋ ማዕበል፣ በረመዳን እንኳ ቢያንስ አራት አምስቱ ይመጡ ነበር።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዘምዘም ደወለች። ከመታጠቢያ ቤት፣ ውሃ ከፍታ፣ በሹክሹክታ። ማዳሟ እንዳትሰማት ነው። ልትወቅሰኝ የደወለች አልመሰለኝም። ያዘነችልኝ ነው የሚመስለው፤ ይህ ደግሞ ይብሳል።

ለምን እንደቀሩ ጠየቅኋት። ዞር ዞር አለች፣ ሳቀች፣ ወላሂ እኔስ ምንም አላልኩም አለች። ከዚያ እንዲህ፦

«ጋሼ፣ ከአገር ስንወጣ ኤጀንሲው አሻራ አስነሳን፤ ምኑ ላይ እንደሆነ ያየነው የለም። ስንባረርም አሻራ ነው። ተርሒል እስር ቤት ገብተሽ ጣትሽን ከሰጠሽ መመለሻ የለሽም። መሐል ላይ ደግሞ እርስዎ ቀለም ይዘው መጡ።»

ማዳም ሳታውቅ የወጣች አለች፤ ከከፊሏ፣ ከአስመጪ አሠሪዋ፣ የጠፋች አለች፤ ኢቃማዋ ጊዜው አልፎ የተቃጠለባት አለች። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቅ ነበር። ስለዚህ ነገር ስንቱን ዜና ሠርቻለሁ። ያም ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ቀለም ከፍቼ ጣት አምጡ አልኩ። መመሪያ አለኝና።

ወሬው ሄዷል። የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ ጀዋዛት፣ በየጣቱ ይከፍለዋል ተብያለሁ። እኔስ አላመንኩም አለች። ታዲያ ለምን ቀረሽ አልኳት።

ጣቴ አልዳነም አለች።

«ምንም ጉዳት አያስከትልም።» በገዛ አፌ ነው ያነበብኩት። ጋዜጣ ቤት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ያለ ምንጭ ቢመጣልኝ በቀይ ሰርዤ ነበር የምመልሰው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ለአማካሪዬ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። የጻፍኩት እንደ ዜና ነው፤ ምን፣ የት፣ ማን፣ ለምን። ሁለት ነገር ጠየቅሁ። የቃል ስምምነት በድምፅ ቀርጬ ማቅረብ እችላለሁ? ሴቶቹስ እንዲመለሱ ምን ላድርግ?

ዛሬ መለሰ። ደስ ብሎታል። ይህን ቃል እየመዘንኩ ነው የምጽፈው፤ ደስ ብሎታል። ርዕስህ ማቋረጥ ነው፤ ናሙናህ በሙሉ አቋርጧል፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለተመራማሪ አይገኝም ይላል። የቀለሙን ጉዳይ «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ሥር በአንድ አንቀጽ ጥቀስ። ድምፅ መመሪያው ውስጥ የለም። ቅጾቹን አያይዝ፤ ያለ ቅጽ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፋይሉን አይከፍተውም።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አንድም ቃል የለም።

የሰው ቤት ሲቃጠል ጎረቤት መጥቶ የእሳቱን ብርሃን ሲያደንቅ። ይህን ነው የሚመስለው። ኮምፒዩተሩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዑለያ ሰፈር። ከከድር ጋር። እዚያ አንድ ፎቅ ውስጥ ሾፌሮችን ይመድባል፤ እዚሁ ፕሮግራም ውስጥ ከእኔ ጋር ነው የተመዘገበው። ርዕሱ የሾፌሮች ሥልጠና። ምዕራፍ ሦስት አልፎለታል፤ አራትም አልፎለታል። «እጅግ በጣም ጥሩ» ተብሏል።

እንዴት እንዳለፈ ሳልጠይቀው ነገረኝ። መጠይቆቹን ራሱ ሞላቸው። በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ፤ አንዳንዱን በግራ እጁ። ሾፌር ሲጽፍ እንዲመስል ሁለት ላይ ሻይ አፈሰሰ። ይህን ሲል ኮርቷል። ያፈሰሰው ሻይ እንዲታይለት የሚፈልግ ይመስላል።

ከድር ክፉ ሰው አይደለም። ስታመም ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። እንግዲህ ይህ ደግ ሰው የእኔን ችግር ሰምቶ ጠረጴዛው ላይ ዘንበል አለና፦

«ጋሼ፣ ጣት እኮ ዐሥር ነው። ሴቶቹ ዐሥራ አንድ። የጎደለችውን እኔ አበድርሃለሁ።»

አውራ ጣቱን ዘረጋልኝ።

ሳቅሁ። ያላ፣ ዛሬውኑ እንጨርሰው አለ። አሁንም ሳቅሁ። አውቶቡስ ውስጥ ነው ምን ላይ እንደሳቅሁ የገባኝ። ዘጋቢዎቼ ያልሄዱበትን ቦታ ሄድን ብለው ሲጽፉ አባርር የነበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ የቀለሙን ክዳን ከፈትኩ። ሰማያዊው አልደረቀም። ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ሽታው እንደ ማተሚያ ቤት ነው። ዘጋሁት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ልማድ ሆኖብኝ ሄድኩ። ዘምዘም መጣች። ብቻዋን፣ የማዳሟን የገበያ ዘንቢል ይዛ። አልተቀመጠችም፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

ሌሎቹ ልከዋት ነው። ፊደሉን ይፈልጉታል። አንዷ የልጇን መልእክት ለሰው ሳታስነብብ ራሷ ማንበብ ጀምራ ነበር፤ ትምህርቱ ከቆመ ወዲህ ስታለቅስ ነው የከረመችው አለች። ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። የእኔ አሻራ እነሱ ጋ ይቀመጥ። ስለ እነሱ እንደማልጽፍ ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ግርጌው ላይ ጣቴን ላሳርፍ። ጀዋዛት ቢመጣ እኔም አብሬ እንድያዝ።

ተከራከርኩ። ተደራደርኩ ማለት ይሻላል። ስማችሁን አልጽፍም አልኳት። ሰፈር አልጠቅስም። የአገራችሁን ቀበሌ አልጠቅስም። መመሪያው ራሱ ስም ይደበቅ ይላል አልኳት።

አዳመጠችኝ። ዘንቢሏን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዞረች።

«ስም ካልጻፉማ የባሰ ነው፣ ጋሼ። ሁላችንም ላይ ነው የሚያርፈው።»

ከአማካሪዬ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ትከብዳለች፤ እሷ ግን ዘይት ለመግዛት ቸኩላለች።

አስብበታለሁ አልኩ። ያስቡበት አለች። የሚመጣውን ዓርብ ብቻ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ኸላስ።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

ቃሉን ከሰጠሁ ምዕራፍ አራት የለም። አራት ከሌለ አምስት የለም። መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት፤ ማንም የማያነበው ገጽ ነው። ሞጁሎቹን ጨርሶ የመመረቂያ ጽሑፍ ያላቀረበ የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። ት/ቤቴ ደውዬ ጠየቅሁ። ዲፕሎማ አይበቃም አሉኝ፤ በትሕትና።

ርዕስ ልቀይር? አንድ ዓመት ይጨምራል፤ ት/ቤቱ ደግሞ ዓመት አይጠብቅም። በከድር መንገድ ልሂድ? ሴቶቹ በጭራሽ አያውቁም፤ ኮሚቴው አይጠይቅም፤ ዶ/ሩ «ጥሩ» ይላል። የሚያስጠላኝ ይኸው ነው፦ የሚሠራ መሆኑ። የፕሮግራሙ ሁሉ ነገር ለዚህ የተበጀ ይመስላል። እውነተኛዋን ሴት በር ላይ ያስቀራታል፤ የውሸቷን ጣት እጅ ነሥቶ ያስገባል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ለፕሮግራሙ ጻፍኩ። ከመመረቂያ ጽሑፍ ራሴን አግልያለሁ፤ ዲፕሎማው ይሰጠኝ። ምክንያት በሚለው ቦታ፦ «ናሙናው አልተስማማም»። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

«እኔ» ብዬ ነው የጻፍኩት።


ዓርብ፣ ኅዳር 5፤ ማታ

መጡ። ሁሉም አይደሉም፤ ሦስቱ ቀርተዋል። ይመለሱ አይመለሱ አይታወቅም። ቀለሙን እኔ ልከፍት ስል ዘምዘም ተቀበለችኝና ራሷ ከፈተችው። ወረቀቱን እኔ ልጻፍላችሁ አልኩ፤ የጋዜጣ አዘጋጅ አይደለሁ። ተሳሳቁብኝ። ጋሼማ ከጻፉት የጋሼ ሆነ አለች አንዷ። እርስ በርስ እየተነጋገሩ፣ እየተጨቃጨቁ፣ ፊደል በፊደል ራሳቸው ጻፉት። አንድም ፊደል አላረምኩም። እጄ እየበላኝ ዝም አልኩ።

ዘምዘም አውራ ጣቴን ይዛ ቀለሙ ላይ ጫነችው፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ኤጀንሲው እኔን ያስነሳኝ እንዲህ ነው፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አለች። ሁሉም ከበው አዩ። አንዷ እልል ልትል ነበር፤ ሱቁ ይሰማል ብለው አፏን ያዙ። ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ለት/ቤቱ የምለውን ገና አላውቅም። ይህንም ይኸው ጽፌዋለሁ።

ስንወጣ ዘምዘም ወደ ኋላ ቀረች። ቤትዎ ደግሞ የሚጽፉበት ሌላ ነገር የለም ወይ አለችኝ። ልዋሽ እችል ነበር። ማታ ማታ የምጽፍበት ደብተር አለኝ አልኩ። እኛስ አለንበት? አለች። አላችሁ አልኩ።

«እሱም ይቆጠራል፣ ጋሼ።»

ይቆጠራል አልኩ።

ቀለሙ በሳሙና አልለቀቀም፤ ይኸው የዚህን ገጽ ጠርዝ አቆሽሾታል። እንግዲህ ማስታወሻዬ፣ ያለፉትን ገጾች ነገ ከከሰሉ ጋር አቃጥላቸዋለሁ፤ የዛሬውን ግን፣ ማን የት እንደተቀመጠች፣ ማን ስትጽፍ ምላሷን እንደምትነክስ፣ ያቺ የልጇን መልእክት የምታነበው ዛሬ ሰሌዳው ላይ ወጥታ… አይ፣ ይቆጠራል ብያለሁ።