ቀድመህ የሰጠኸው ክንድ

አባዬ፣

ካረፍክ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። እኔ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር አሁንም መስኮት መስኮቱን አያለሁ። መስኮት ካልያዝኩ አልሳፈርም ብለህ ረዳቱን ታስጨንቅ አልነበር?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዳገት እምቢ ብሏል። የጓሮውን ባሕር ዛፍ ወንድሜ አያ ደሳለኝ ቆርጦ ቤቱን አደሰበት፤ ብትኖር ሳትቆጣ አትቀርም ነበር። ዳማ ፈረስህ ማንንም አላስቀምጥ ብሎ ከርሞ አሁን ለወንድሜ ብቻ እሺ ይላል። ገብሱም ዘንድሮ ሸጋ ነው። ግን እማዬ እንጀራ ስታቀርብ አሁንም ያንተን ቦታ ትታ ነው የምትቀመጠው። 

እኔ እዚያው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነኝ። ታመህ ከኪራይ ክፍሌ ተኝተህ ሳለ ምን እንደምሠራ ጠየቅከኝ። ደም ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን እፈልጋለሁ ስልህ፣ «ምነው ልጄ፣ የማይታይ ነገር ፈልገሽ መቼ ልታገኚ ነው?» ብለህ ሳቅህ። እየሳቅህም ጎንህን ያዝክ። ያን ጊዜ በወጉ አላስረዳሁህም፤ አሁን ልሞክር። በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ይህን ሥሩ፣ ያን ሥሩ የሚሉ መልእክቶች አሉ። እነዚህ ጥቃቅኖች ደግሞ በቃ እያሉ መልእክቱን ዝም ያሰኙታል። እኛ ልጆች ስንጣላ አንተ ደጅ ላይ አንድ ጊዜ ስታስል ቤቱ ጸጥ እንደሚለው ማለት ነው። የጉበት ቫይረስ ለብዙ ዓመት ሲቀመጥ ይህን ሥርዓት ያውከዋል። ከጥቃቅኖቹ አንዳንዶቹ ይመናመናሉ፣ አንዳንዶቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ ዝም ማለት የነበረበት ዝም አይልም፤ ሕዋሱም ያለ ከልካይ ይራባል። አንተን የወሰደህ ካንሰር እንዲህ ነው የሚጀምረው። እኛ የምንፈልገው፣ እብጠቱ በአልትራሳውንድ ከመታየቱ በፊት ይህ ለውጥ በደም ይታወቅ እንደሆነ ነው። ገና ጥናት ነው አባዬ፤ ያድንህ ነበር ብዬ አልዋሽህም።

ሐኪሙ ቫይረሱ አብሮህ የኖረ ነው ሲል፣ እኔ ወዲያው ያ የወፍ በሽታ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ዓይንህ ቢጫ ሆነ። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ ነው ተባለና ባለመድኃኒቱ ክንድህን በጥቶ ቅጠል ሊያሽልህ መጣ። ለእኛም መከላከያ ይሁን ብለህ አሰለፍከን። ባለመድኃኒቱ ልጆቹ ይቅደሙ ቢልም እኔ አለቀስኩ። አንተም እጅጌህን ሰብስበህ፣ አያችሁ አያምም ብለህ፣ ቀድመህ ክንድህን ሰጠህ። ከዚያ ያው ምላጭ ወደ አያ ደሳለኝ፣ ከእሱም ወደ እኔ መጣ። ቢጫው ለቀቀህና ዳነ ተባለ። ቫይረሱ ግን አልለቀቀህም ነበር።

አባዬ፣ ምናለ የመጨረሻው አንተ በሆንክ! ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳልኩ። ግን ልጆችህ እየፈሩ አንተ ከኋላ መቆም አይሆንልህም ነበር። ዛሬ በእኔም ደም ውስጥ ያ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ አለ። በምላጩ ይግባ በሌላ መንገድ፣ እርግጡን የሚነግረኝ የለም። ክትትል ላይ ነኝ፤ ጉበቴም እስካሁን ደህና ነው።

ይህን ለአያ ደሳለኝ መንገር ግን ከበደኝ። አንተን ከታቦት ቀጥሎ ነው የሚያይህ። ሚያዝያ ላይ የሴት ልጁ ዓይን ቢጫ ሆነና ደወለልኝ። ቅዳሜ ባለመድኃኒቱ ይመጣል፣ አባታችን እንዳደረገው ልጆቹን አሰልፌ እኔ እቀድማለሁ አለኝ፤ በኩራት ነበር የሚናገረው። ስልኩን ስዘጋ ከቅዳሜ በፊት ልደርስ ወሰንኩ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ቀን ወጣሁ። ለእማዬ ቀድሜ ነገርኳት። አለቀሰች፤ አልቅሳም ስታበቃ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ንገሪው አለችኝ። ነገርኩት። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሻሸ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፈረስህ ሄደ። ወንድሜን አጣሁት ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ልጆቹን አልብሶ ከበር ቆሞ አገኘሁት። ጎንደር ስንደርስ ከምርመራው ክፍል ልጆቹን በዕድሜያቸው አሰለፈ። ትንሿ ስታለቅስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አያችሁ አያምም ብሎ፣ ቀድሞ ክንዱን ሰጠ። ድምፁ ቁርጥ ያንተን ነበር። ነርሷ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ መርፌ ከላስቲኩ እያወጣች ነበር የምትወጋው። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ለቅሶህ ላይ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ቫይረሱ እሱም ላይ ተገኘ፤ ክትትል ጀምሯል። ልጆቹ ነጻ ናቸው፣ ተከትበዋል። የልጅቱ ቢጫነት በውኃ የሚመጣው ሌላው የጉበት ቫይረስ ዓይነት ነበር፤ ለቀቃት።

አባዬ፣ በጠባሳዬ አልቀየምህም። እጅጌዬን በሰበሰብኩ ቁጥር የማስታውሰው ቀድሞ የተዘረጋውን ክንድህን ነው። የወንድሜ ልጆች ሲያድጉ ምላጩንም ክንድህንም ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። መርፌው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን እንጂ፣ ልጆቹን የሚቀድም አባት ከቤታችን አይጥፋ።

ልጅህ ትርንጎ